የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ስትመርጡ መጀመሪያ ቀለበቱን እዩ

ከጅዳ ወይም ከዱባይ ለሚመጣ ዘመድ «የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ያዝልኝ» ብሎ የሚልክ ሰው ደሴም ሐይቅ ከተማም አይጠፋም። መልእክቱን አውቀዋለሁ። ርዝመቱ ይጠቀሳል። ዋጋው ይጠቀሳል። ቀለም የሚመርጥም አለ። ክሩ የሚያልፍባቸውን ትንንሽ ቀለበቶች ግን የሚያነሳ የለም። እኔም የመጀመሪያ ዘንጌን ስገዛ አላነሳሁም።

የገዛሁት አዲስ አበባ ካለ አንድ ሱቅ ነበር። ጥቁር ሆኖ ወርቃማ መስመር ያለው፣ እጅ ላይ ቀለል የሚል ዘንግ ነው። ሐይቅ ዳር በወረድኩ በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ደህና አምባዛ ያዘልኝ። ጎተተ፣ ጎተትኩ፣ ክሩ ተበጠሰ። ቋጠሮው ጋ ቢሆን ኖሮ በደንብ ስላላሰርኩት ነው እል ነበር። የተበጠሰው ግን መሃል ላይ ነው። ክሩን ቀየርኩ። በሳምንቱ አዲሱም እንደዚያው ሆነ።

እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ትፈትል ነበር። ነገሩን ስነግራት ዘንጉን ተቀበለችኝና ጫፉን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ከባዘቶዋ ትንሽ ቆንጥራ በጫፉ ቀለበት ውስጥ አሳለፈችው። ጥጡ ያዘ። ነጭ ጭራ የመሰለ ነገር ቀለበቱ ላይ ቀረ። «ልጄ፣ ክርህን የሚበላው ይሄ ነው» አለችኝ። ቀለበቱ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ነበረው።

ከዚያ ወዲህ ዘንግ ሳይ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ቀለበቱ ላይ ነው። ቀለበት ከምን እንደሚሠራ፣ የትኛው ለእኛ ውሃ እንደሚበቃ፣ የትኛው ላይ በከንቱ ገንዘብ እንደሚወጣ በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ይህ ሁሉ ማጠንጠኛ፣ ማለትም ክሩን የሚጠቀልለው መሣሪያ፣ ላለው ዘንግ ነው። የሐይቅ ልጆች በሸንበቆና በናይለን ክር ሲያጠምዱ ቀለበት አያስፈልጋቸውም። ክሩ ጫፉ ላይ ታስሯል፤ አይሮጥም። የቀለበት ጣጣ የሚመጣው ክር መሮጥ ሲጀምር ነው።

1. ከዘንጉ በፊት ክሩን ወስኑ

ቀለበት የሚመረጠው ለክሩ ነው። ስለዚህ ምን ዓሣ፣ በምን ክር እንደምትይዙ አስቀድማችሁ ወስኑ።

የእኛ ውሃ የታወቀ ነው። ሐይቅ ውስጥ ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ አለ። ቆሮሶው እዚያው የነበረ ዓሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ለእሱ 0.20 ወይም 0.25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ናይለን ክር ይበቃል። ለአምባዛ ከ0.35 እስከ 0.40 እወስዳለሁ። አፉ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ነው፤ ሲያዝም ወደ ደለሉና ወደ ሣሩ ነው የሚገባው። ካርፕ ደግሞ ረጅም ርቀት ይሮጣል።

ናይለን ለቀለበት ገር ነው። አንድ ወጥና ለስላሳ ስለሆነ ብዙ አይፋቅም። የሚቀልጠውም ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው።

ብሬድ የሚሉት የተጎነጎነ ክር ግን ሌላ ነው። ከብዙ ቀጫጭን የፖሊኢቲሊን ክሮች እንደ ሹሩባ የተሠራ ነው። በእኩል ውፍረት ከናይለን በጣም ይጠነክራል። ሳይለጠጥ ስለሚጎትት ዓሣው ገና ሲነካው እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። እኔ እወደዋለሁ። ግን ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ በጉንጉኑ መካከል ውሃና አቧራ ይይዛል። አቧራ የያዘ ክር በቀለበት ውስጥ ሲሮጥ እንደ ቀጭን ሞረድ ይሠራል። ሁለተኛ፣ ፖሊኢቲሊን ሙቀት አይችልም። 150 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል። ዓሣ ሲሮጥ ክሩና ቀለበቱ ይፋተጋሉ፤ ፍትጊያ ደግሞ ሙቀት ነው።

እንግዲህ ናይለን ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ምርጫችሁ ሰፊ ነው። ብሬድ ካሰባችሁ ግን ከዚህ በታች ያለውን ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

2. ፍሬሙንና ውስጡን ለዩ

ቀለበት የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ፍሬሙ ነው፤ እግሩ ዘንጉ ላይ በክር ተጠምጥሞ ሙጫ የተቀባበት ብረት። ሌላው ውስጠኛው ቀለበት ነው። ክሩ የሚነካው ይህን ነው። ሻጭ «ቀለበቱ ታይታኒየም ነው» ካላችሁ የትኛውን እንደሆነ ጠይቁት። ፍሬሙ ታይታኒየም ሆኖ ውስጡ ተራ ሊሆን ይችላል። ውስጠኛ ቀለበት ጨርሶ የሌለው፣ ክሩ በቀጥታ ብረቱን የሚነካበትም አለ።

3. ጥንካሬን በድንጋይ መለኪያ አስቡት

ወሎ ውስጥ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከደላንታ የሚወጣውን ኦፓል አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2008 ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ጀምሮ ስንቱ ወጣት ድንጋይ ማየት፣ መቁረጥና ማለስለስ ተምሯል። ከእነሱ ጋር የተቀመጠ ሰው አንድ መለኪያ ይሰማል። የሞህስ መለኪያ ይባላል። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሞህስ እ.ኤ.አ. በ1812 ያወጣው ነው። ከ1 እስከ 10 ይሄዳል። ቁጥሩ የሚበልጠው ቁጥሩ የሚያንሰውን ይጭራል። 10 አልማዝ ነው።

ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5 ላይ ነው። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ነው። ኦፓል በአሸዋ የሚጫረው ለዚህ ነው። አሁን ወደ ቀለበታችን እንመለስ። የማይዝግ ብረት በዚህ መለኪያ ከኳርትዝ በታች ነው። ክራችሁ ከዳር የያዘው የአሸዋ ብናኝ ባለ 7 ነው። ስለዚህ ብናኙ ብረቱን ይጭረዋል። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እያለ ክሩ ብረቱ ላይ ፈር ያወጣል፤ በሬ ማሳ ላይ እንደሚያወጣው። ፈሩ ጠርዝ ያበጃል። ጠርዙ ክሩን ይላጫል።

ውስጠኛው ቀለበት ከ7 በላይ ከሆነ ግን አሸዋው አይደፍረውም። የሴራሚክ ቀለበት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

4. ቁሶቹን አወዳድሩ

ባዶ ብረትና ክሮም። በጣም ርካሽ ዘንጎች ላይ ክሩ በቀጥታ ብረቱን ይነካል። አንዳንዴ ላዩ ክሮም የተቀባ ነው። ክሮም ራሱ ጠንካራ ነው፤ ችግሩ ስስነቱ ነው። አንዴ ከተላጠ ከስሩ ያለው ለስላሳ ብረት ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጣን ነው። ደግነቱ ብረት አይሰበርም። መሬት ቢወድቅ ይጣመማል፣ ታቃኑታላችሁ። ለናይለን ብቻ፣ ለቆሮሶ ብቻ፣ ገና ለሚማር ልጅ ይሆናል። ለብሬድ አትውሰዱት።

አጌት። ይህን ዛሬ ሱቅ ውስጥ ብዙም አታገኙትም። ግን ታሪኩ ደስ ይለኛል። ሴራሚክ ከመለመዱ በፊት ጥሩ ዘንግ ማለት ቀለበቱ ውስጥ አጌት ድንጋይ የተሰካበት ነበር። አጌት የኦፓል ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ሲሊካ ናቸው፣ ኦፓሉ ውስጡ ውሃ ይዟል። አጌት እስከ 7 ይደርሳል። በደንብ ሲለሰልስ ክር ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ክፋቱ ሲመታ መሰንጠቁ ነው። ስንጥቅ ያለበት አጌት ክርን እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ከአያት የወረሰ አሮጌ ዘንግ ያለው ሰው ካለ ቀለበቱን በደንብ ያስተውል።

አሉሚኒየም ኦክሳይድ። ብዙዎቻችን የምንገዛው ይሄ ያለበትን ነው፤ እኔም በሙሉ ልብ የምመክረው እሱን ነው። የመኪና ካንዴላ ላይ ያለውን ነጭ ሸክላ ታውቁታላችሁ? እሱ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። በሞህስ 9 ላይ ይቀመጣል። አሸዋ አይጭረውም። ናይለንን በምቾት ያሳልፋል። ንጹሕ ብሬድንም ይችላል። ቀለሙ ነጭ፣ ግራጫ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ በቀለሙ አትፍረዱ። ልዩነቱ ያለው አለሳለሱ ላይ ነው። ርካሹ በደንብ ሳይለሰልስ ይመጣል፣ ወይም ከፍሬሙ ጋር በደንብ አይያያዝም። ቁሱ አንድ ሆኖ ሥራው ሊለያይ ይችላል። የእናቴ ባዘቶ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የተሻሻለው አሉሚኒየም ኦክሳይድ። የጃፓኑ ፉጂ በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ከተራው ከፍ ያለውን ሃርድሎይ፣ ከዚያም ከፍ ያለውን አልኮናይት ብሎ ይሸጣል። አልኮናይት ብሬድን በደንብ ይችላል፤ ዋጋውም ከሲሊከን ካርባይድ ያንሳል። መካከለኛ ገንዘብ ካላችሁና ስሙ ዘንጉ ላይ ተጽፎ ካያችሁ አትለፉት።

ዚርኮኒያ። የጥርስ ሐኪም ነጭ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ቁስ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ቻይነቱ ነው። ሲመታ እንደ ሌላው ሴራሚክ ቶሎ አይሰነጠቅም። ለእኛ መንገድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት ጉድለት አለው። ክብደቱ ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ በአንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ሙቀትም ከንክኪው ቦታ ቶሎ አያርቅም። በናይለን ለሚያጠምድ ሰው የሙቀቱ ጉዳይ አያሳስብም። ትልቅ ዓሣ በብሬድ ለሚያስሮጥ ሰው ግን ሁለተኛ ምርጫ ነው።

ሲሊከን ካርባይድ። ሻጮች ኤስአይሲ እያሉ የሚያወድሱት እሱ ነው። ውዳሴው እውነት አለው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቺሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ማምረት ከጀመረ ወዲህ ለመሳያና ለመፋቂያ ሲያገለግል ኖሯል። መኪና ቀለም የሚቀቡ ሰዎች በውሃ እያረጠቡ የሚፈገፍጉበት ጥቁር የብርጭቆ ወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው። በሞህስ ከ9 በላይ ነው። ክብደቱ ከአሉሚኒየም ኦክሳይድም ያንሳል። ሙቀትን ደግሞ ከእሱ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወስዳል። ክሩ የነካው ቦታ አይግልም፤ ሙቀቱ ወደ ቀለበቱ ሁሉ ተበትኖ ይጠፋል። ለብሬድ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ክፋቱ ተሰባሪነቱ ነው። ድንጋይ ላይ ከወደቀ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስሙን ብቻ የሚለጥፉ ርካሽ ዘንጎችም አሉ። እውነተኛው ጥቁር ግራጫ ሆኖ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። ይሁን እንጂ ጥቁር የተቀባ አሉሚኒየም ኦክሳይድም ሊመስል ይችላል። በዓይን ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ዘንጉ በጣም ርካሽ ሆኖ ቀለበቱ ኤስአይሲ ከተባለ፣ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው ብላችሁ ገምቱና በዚያ ዋጋ ግዙት።

ከዚህም በላይ ፉጂ ቶርዛይት የሚለው አለ። ስስ፣ ቀላል፣ በጣም ለስላሳ ነው። ዋጋው ለእኛ ሥራ አይመጥንም፤ ስለዚህ አልፈዋለሁ።

ወርቃማው ቅብ። ወርቅ የሚመስል ቀለበት አይታችሁ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ታይታኒየም ናይትራይድ የሚባል ቅብ ነው። ብረት የሚበሱበት ወርቃማ ፑንታ ላይ ያለውም እሱ ነው። ቅቡ በጣም ጠንካራ ነው፤ ግን ከፀጉር በብዙ የቀጠነ ነው። ዋጋ የሚሰጠው ከስሩ ያለው ነገር ጥሩ ከሆነ ነው። ወርቅ የሚመስል ተራ ቀለምም ስላለ ቀለሙ አያማልላችሁ። የእኔ የመጀመሪያ ዘንግ እንደዚያ ነበር።

ኒኬል ታይታኒየም። ውስጠኛ ቀለበት የለውም፤ አንድ ወጥ ሽቦ ነው። በጣት ጨፍልቃችሁ ስትለቁት ወደ ቅርጹ ይመለሳል። የሚወድቅ ነገር ስለሌለው መንገድ ለሚበዛበት ሰው ያስቀናል። ውድ ነው፤ እንደ ሴራሚክም አይጠነክርም።

5. ፍሬሙ ላይ ብዙ ገንዘብ አታፍስሱ

እዚህ ላይ ከባሕር ዳርቻ ሰው እንለያለን። ታይታኒየም ፍሬም የተወደደው በሁለት ነገር ነው። በባሕር ጨው አይበላም፤ ክብደቱም ከማይዝግ ብረት ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። እኛ ባሕር የለንም። የሐይቅና የጎረቤቱ የአርዲቦ ሐይቅ ውሃ የማይዝግ ብረትን አያሰጋም። አጥቦ ማድረቅ ይበቃዋል። የክብደቱ ጉዳይ እውነት ነው፤ በተለይ ጫፍ አካባቢ። ጫፉ ከከበደ ዘንጉ ከተወረወረ በኋላ ይወዛወዛል፣ የዓሣው ንክኪም ይደበዝዛል። ቢሆንም ለአንድ ቅዳሜ ቆሮሶ ይህ ልዩነት የዋጋውን ያህል አይደለም።

ስለዚህ የማይዝግ ብረት ፍሬም ውሰዱ። ጥቁር ቀለም የተቀባ ከሆነ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ካለ እዩ። ስሩ ተራ ብረት ከሆነ እዚያ ላይ የዝገት ነጥብ ይታያል። ትልቁና የመጀመሪያው ቀለበት ሁለት እግር ይኑረው፤ ብዙ ጊዜ የሚጋጨው እሱ ነው። ወደ ጫፍ ያሉት ባለ አንድ እግር ቢሆኑ ይሻላል፤ ይቀላሉ።

6. በእጃችሁ ፈትሹ

ዘንጉ እጃችሁ ከገባ አትቸኩሉ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም አሥር ደቂቃ ውሰዱ።

ባዘቶ ያዙ። ባዘቶ ከሌለ ተራ ጥጥ ይሁን፤ የሴት ስስ ስቶኪንግም ይሠራል። እያንዳንዱን ቀለበት ዙሪያውን በጥጡ አሹት። በላይም፣ በታችም፣ በጎንም። ጥጡ የያዘበት ቦታ ስንጥቅ ወይም ጠርዝ አለ። ከጫፉ ቀለበት ጋር ጊዜ ውሰዱ። ዘንጉ ቀና ሲል ክሩ በደንብ የሚታጠፈው እዚያ ስለሆነ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እሱ ነው።

ከዚያ ውስጠኛውን ቀለበት በአውራ ጣታችሁ በቀስታ ግፉት። መንቀሳቀስ የለበትም። የሚንቀሳቀስ ከሆነ አንድ ቀን ይወድቃል። የሚወድቀውም ውሃ ውስጥ ነው፤ አታገኙትም።

ዘንጉን እንደ ጠመንጃ በዓይናችሁ አልሙት። ቀለበቶቹ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። አንዱ ወደ ጎን ያፈነገጠ ከሆነ ክሩ ሁልጊዜ እሱን ይፈገፍጋል።

ቁጥራቸውን ቁጠሩ። በልማድ ለእያንዳንዱ ጫማ አንድ ቀለበት፣ ከዚያ የጫፉ ይጨመራል። 2.10 ሜትር ማለት 7 ጫማ ገደማ ነው፤ ሰባትና የጫፉ። አንድ ቢያንስ ዓለም አይጠፋም። አራት ብቻ ካለው ግን ተዉት። ለማረጋገጥ ክር በሁሉም አሳልፉና አንድ ሰው ጫፉን ይያዝላችሁ። ዘንጉን ቀስ ብላችሁ አጉብጡት። ክሩ የዘንጉን ጉብጠት ተከትሎ መሄድ አለበት። በሁለት ቀለበት መካከል ቀጥ ብሎ ዘንጉን የሚነካ ወይም ርቆ የሚዘረጋ ከሆነ ቀለበት አንሶታል፤ ወይም ቦታው ተሳስቷል።

በመጨረሻ የመጀመሪያውን ቀለበት ስፋት እዩ። ክሩ ከማጠንጠኛው እየተጠቀለለ በትልቅ ክብ ነው የሚወጣው። ለተለመደው መካከለኛ ማጠንጠኛ ከ25 እስከ 30 ሚሊሜትር ያለው ጥሩ ነው። ብሬድን ከናይለን ጋር ቋጥራችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ቋጠሮው በጫፉ ቀለበት ማለፉንም ሞክሩ። ወፍራም ሴራሚክ ቀዳዳውን ያጠበዋል።

7. በዘመድ የሚመጣ ከሆነ

ይህ የብዙዎቻችን መንገድ ነው። እህቴ ከሱቅ ሆና በቪዲዮ ስትደውልልኝ የምላት ይህንን ነው። «እህት ዓለም፣ ዘንጉን ሳይሆን ቀለበቱን አሳዪኝ። መጀመሪያ የጫፉን አስጠጊልኝ። ከእጀታው በላይ ያለውን ጽሑፍም አንብቢልኝ።» እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ የቀለበቱ ቁስ ተጽፏል። ካልተጻፈ ሻጩን ጠይቂው እላታለሁ። «ሴራሚክ» ብቻ ካለ አይበቃኝም። የትኛው ሴራሚክ?

ሌላም ነገር አስይዟት፤ ትርፍ የጫፍ ቀለበቶች። ሳንቲም የሚያህል ክብደት የላቸውም። እዚህ አገር ግን ሱቅ ውስጥ አይገኙም ማለት ይቻላል። የዘንጋችሁ ጫፍ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ አስቀድማችሁ ለኩና ላኩላት። ሁለት ተቀራራቢ ልክ ብታመጣ አንዱ ይገባል።

ዘንጉ ከሁለት ወይም ከሦስት የሚገጣጠም ይሁን። ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ከመጣ በጣም ጥሩ። የውሃ መስመር የሚሠሩበት ቱቦ ተቆርጦ ሁለት ጫፉ ቢደፈን ይበቃል።

8. እኔ ብሆን የምመርጠው

ከቆሮሶ በላይ ለማያስብና በናይለን ለሚያጠምድ፦ የማይዝግ ብረት ፍሬም፣ ተራ አሉሚኒየም ኦክሳይድ። ከዚህ በላይ አትክፈሉ። የተረፈውን ገንዘብ ጥሩ ክርና ስለታም መንጠቆ ላይ አውሉት።

አምባዛና ካርፕ በብሬድ ለሚፈልግ፦ አልኮናይት ወይም እውነተኛ ሲሊከን ካርባይድ። ሁሉም ቀለበት እንደዚያ መሆን የለበትም። የጫፉና የመጀመሪያው ቢሆኑ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ፍትጊያው የሚበዛው በእነሱ ላይ ነው፤ አንዳንድ ሠሪዎችም እንደዚህ ቀላቅለው ያወጣሉ።

ለልጅ ወይም በየሳምንቱ በሚኒባስ ለሚመላለስ፦ ዚርኮኒያ ካገኛችሁ እሱን፣ ካላገኛችሁ አሁንም አሉሚኒየም ኦክሳይድ። ሲሊከን ካርባይድ ለልጅ አትስጡ። ልጅ ዘንግ ይጥላል፤ ተፈጥሮው ነው፣ አትቆጡት።

9. መንገድና እንክብካቤ

ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ያየኋቸው ቀለበቶች አብዛኞቹ የተሰበሩት ውሃ ዳር ሳይሆን በዚህ መንገድ ላይ ነው። ዘንጉን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ከከሰልና ከጆንያ ጋር አታስጭኑ። ከእናንተ ጋር አስገቡት፤ በእግራችሁ መካከል አቁሙት። ከባጃጅ ስትወርዱ ጫፉን በር ላይ እንዳታስይዙት። መንጠቆውን ውስጠኛው ቀለበት ላይ አትስቀሉ። ብዙ ሰው ይህን ያደርጋል። የመንጠቆው ብረት ሴራሚኩን ሲያንኳኳ ይውላል። ፍሬሙ ላይ ስቀሉት፤ ወይም እጀታው አጠገብ ያለችው ትንሽ መስቀያ ላይ።

ዳር ስትደርሱ ዘንጉን አሸዋ ላይ አታስተኙት። በሹካ እንጨት ላይ አስደግፉት። የእስጢፋኖስ ገዳም አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ መጀመሪያ አባቶችን አስፈቅዱ። የተከበረ ቦታ ነው፤ በጸሎት ሰዓት ዘንግ መወርወር አይገባም።

ቤት ስትመለሱ ቀለበቶቹን በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ አጥቡ። ብሬድ ከሆነ ክሩንም አብራችሁ አጥቡት፤ ሞረዱ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

የጫፉ ቀለበት ከተሰነጠቀ ራሳችሁ ትቀይሩታላችሁ። የድሮው ቀለበት ዘንጉ ላይ የተሰካበትን ቱቦ በላይተር ለአጭር ጊዜ፣ ቱቦውን ብቻ አሙቁ። እሳቱ ዘንጉን እንዳይነካው። የካርቦን ዘንግ ሲግል ይበላሻል። ሙጫው ሲለሰልስ በፒንሳ ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ጫፉን ጥረጉ። በሙቀት የሚቀልጠውን የሙጫ ዘንግ ትንሽ አቅልጣችሁ ጫፉ ላይ ቀቡ፤ አዲሱን ቀለበት ሳይቀዘቅዝ ክተቱት። ከሌሎቹ ቀለበቶች ጋር በአንድ መስመር መሆኑን በዓይናችሁ አልማችሁ አስተካክሉ። ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ፤ ሌላ ጊዜ መቀየር ስትፈልጉ ያስቸግራችኋል። ሲቀዘቅዝ ባዘቶውን እንደገና አሳልፉበት።